ጀርባዬና የእማማ ቡና

ጀርባዬን የጎዳው የእማማ ቡፌ ነው። እማማ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔና ባለቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ቡፌው ባለ መስተዋት፣ ባለ ቁልፍ፣ ከድሮው የቀበሌ ቤታቸው አብሯቸው የመጣ ዕቃ ነው። አንዱ በሩ ወልቆ አብነት ሠፈር አንድ አናጺ ጋ ተጠግኖ ሲመለስ፣ ደጅ የቆሙት ሰዎች ተሸካሚ ይጠራ አሉ። እኔ ግን «ለዚህች ደግሞ ተሸካሚ?» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ያኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው፤ ከፋይል የከበደ ነገር ካነሳሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል።

አንደኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቡፌው ወደ እኔ ተንጋደደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይለቀው ነበር። እኔ ግን እማማ ከላይ ሆነው «አይዞህ የኔ ልጅ» እያሉ ስለሚያዩኝ ክብሬን ላለመጣል አልለቀቅኩም። ስድስት ደረጃ አብረን ወረድን፤ እኔ ከታች፣ ቡፌው ከላይ። መስተዋቱ እንኳን አልተሰነጠቀም።

ሆስፒታል ዲስክህ ተንሸራቷል ተብዬ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ስወጣ አንድ ማዘዣ ሰጡኝ፦ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ፣ ጠዋትና ማታ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን ሲያመኝ እንኳን ዳማከሴ አሽቼ የምተኛ፣ ኪኒን የሚውጥ ሰው የምንቅ ነበርኩ። ይህንኑ ለባለቤቴ በኩራት አስታወስኳት። «እስቲ እናያለን» አለች። ባለቤቴ ነገር ቀድሞ ይታያታል፤ ይህ ጠባይዋ ከተጋባን ጀምሮ ያናድደኛል።

እማማ በእኔ መውደቅ ከእኔ በላይ ታመሙ። ጉልበታቸው አራተኛ ፎቅ ስለማያወጣቸው ሾርባውን በባለቤቴ እጅ ይልኩና እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ወደ ላይ ይጠይቁኛል። «እንዴት አደርክ ልጄ? ምነው እኔን በሰበረኝ።» ድምፃቸው በደረጃው ውስጥ ስለሚያስተጋባ የብሎኩ ሰው ሁሉ እንዴት እንዳደርኩ ይሰማል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ልደታ የዋለው ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ግንቦት አንድ ቀን የብሎካችን ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ንፍሮና ዳቦ አብሮ ይበላል፤ ስለት ያለበት ስለቱን ያስገባል፣ ጭንቅ ያለበት ደግሞ ለከርሞ ይሳላል። እኔን በረንዳ ላይ በትራስ ደግፈው አስቀመጡኝና ከላይ ሆኜ አያለሁ። በመሃል እማማ ስኒያቸውን ይዘው ተነሱ። «እመቤቴ ልደታ፣ ይህ ልጅ በእኔ ዕቃ ነው የወደቀው። እሱ እስኪድን ድረስ ቡና አልቀምስም» አሉና ስኒውን ገልብጠው አስቀመጡት።

ሌላው ሰው በግ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል። እማማ ቡና ማለት ግን እማማ ናቸው። ጠዋት ሦስቱን ስኒ ካልጨረሱ በስተቀር ማንም ሰው፣ የሠፈሩ ጥበቃም ሆነ ቆጣሪ አንባቢው፣ አያናግራቸውም። ሆስፒታል እኔን ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ እንኳን በሃይላንድ ላስቲክ ቡና ቀድተው ነው የመጡት። ስለቱን ከተሳሉ በኋላ ለአሥር ቀን ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ሲሄዱ ባለቤቴ አይታ አልቅሳ መጣች። እኔም አዘንኩ። አዘንኩና ኪኒኔን ዋጥኩ።

ስለ ኪኒኑ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያስታገሰው ጀርባዬን ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላውንም ማስታገስ ጀመረ። የጎረቤት ቴሌቪዥን መረበሹን ተወኝ። የውሃ ፈረቃ ቢዘል ግድ አጣሁ። መስከረም ላይ በከዘራ እየተደገፍኩ ሥራ ስመለስ አለቃዬ ሲቆጣኝ ከንፈሩን እያየሁ «ደክሞት ይሆናል» ብዬ አዘንኩለት። ባለጉዳይ ፋይሉ ጠፋ ሲባል ከእኔ ጋር ተቃቅፎ የሄደበት ቀን አለ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰው መርቆኝ የማያውቅ እኔ በየቀኑ እመረቅ ጀመር። ፋይሉን ግን አላገኘሁትም፤ በዚያ ጊዜ የጠፉትን እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው።

ችግሩ፣ እዚያው መስከረም ላይ ሕመሙ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፤ ምንም የለም። ደግሜ ፈትቼ አሰርኩት። የለም። መደሰት ሲገባኝ ልቤ ወለቀ፤ ምክንያቱም ጀርባዬ ከዳነ ማዘዣው ይቆማል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አሰብኩና «እህህ» አልኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት «አመመህ?» አለች። «በጣም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማቃሰት ሙያዬ ሆነ። ለሐኪም የሚሆን አጭርና ጨዋ ማቃሰት ነበረኝ፤ ለአለቃዬ ረዘም ያለ፤ ለደረጃ ደግሞ በየፎቁ የሚለያይ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ግን ድምፄን እቀንስ ነበር፤ እማማ በር ከፍተው «እኔ ነኝ የገደልኩህ» የሚሉትን መስማት አልወድም። ፊታቸው ገርጥቶ፣ ሻሹ ግንባራቸው ላይ፣ ከበስተጀርባቸው ቡፌው ያበራል። አንጀቴን ይበሉታል። ግን ቤቴ ገብቼ ስውጥ እሱም ይታገስልኛል፤ የኪኒኑ ክፋቱ ይኸው ነው።

ጥር ላይ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ «ጀርባህ ከእኔ ጀርባ ይሻላል» አለና ማዘዣ ከለከለኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ከዚያም ሌላ። ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ያለች አንዲት ፋርማሲስት የቆየ ማዘዣ ይዤ ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይህ ነገር እኮ ይይዛል» አለችኝ። ተቆጣኋት። እኔን በምን ዓይን ነው የምታይኝ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አልኳት። እየተቆጣሁ ከዘራዬን ባንኮኒው ላይ ረስቼ ቀጥ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ሳስታውስ ተመልሼ እያነከስኩ ወሰድኩት።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ባዶ እጄን ዋልኩ። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ እግሬ ብቻውን መዝለሉ፤ ጉድ ፈላ። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ሹፌር አሉ፤ በሕይወታቸው የታዘዘላቸውን ኪኒን ሁሉ፣ ሳይጨርሱ የተውትን ሳይቀር፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። በእኛ ብሎክ መድኃኒት እንደ ሽንኩርት ነው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል። ጋሼ ቆርቆሯቸውን እያንኳኩ ፈልገው ሁለት ነጫጭ ፍሬ በእጄ አኖሩልኝ። «ይህቺ ለወገብ ናት። እኔም ወገቤን ሲይዘኝ የሰጡኝ እሷን መሰለኝ።» መሰለኝ የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም እዚያው ደረጃ ላይ ዋጥኩ።

ለደም ግፊት የሚሰጠው፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው ኪኒን ነበር። ውሃ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ባለቤቴ ባልዲዋን ይዛ ሽንት ቤቱ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆማለች። የቀረው አማራጭ ግቢ በር ላይ ያለው የጥበቃዎች ሽንት ቤት ነው። መጀመሪያ በከዘራ፣ እያቃሰትኩ ወረድኩ። ተመልሼ ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ ደገመኝ። ሁለተኛ ጊዜ ከዘራውን ትቼ ወረድኩ። ሦስተኛ ጊዜ እግሬ አውጪኝ ነበር፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ፣ መታጠፊያውን በአንድ እጄ እየተሽከረከርኩ ስበር እማማ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተያየን። መቆም የምችልበት ሁኔታ ላይ አልነበርኩም።

ከሽንት ቤቱ ውስጥ ሆኜ እልልታቸውን ሰማሁ። ደረጃው ውስጥ ይጀምርና ሜዳው ላይ ይደርሳል። በሮች ተከፈቱ። ስወጣ የብሎኩ ሴቶች ግማሹ ቆመው ይጠብቁኛል፤ አንዷ ጉልበቴን ስማለች። ለግንቦት ልደታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። «በዕለቱ፣ በእመቤቴ ፊት፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ቡናዬን እጠጣለሁ» አሉ እማማ። ዓመት ሙሉ አይቼው የማላውቀው ሳቅ ፊታቸው ላይ ነበር። እኔ ደግሞ አራተኛ ጊዜ እየመጣብኝ ስለነበር «አሜን» ብዬ ተመለስኩ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ድኛለሁ ካልኩ ኪኒኑ አበቃ፤ ባለቤቴ በማግስቱ ቤቱን ትበረብራለች። አልዳንኩም ካልኩ እኚህ ሴት ሌላ ዓመት ራሳቸውን አስረው ሊኖሩ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ በውሸት ስለታቸውን ሊፈቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ሳስበው ፈራሁ። ከአንድ ክሊኒክ ለምኜ ያገኘሁትን እየቆጠብኩ እየዋጥኩ አንድ መልስ አዘጋጀሁ፦ «እየተሻለኝ ነው፣ ግን ገና ነኝ።» የመዝገብ ቤት መልስ ነው፤ ሰውየው አልተከለከለም፣ አልተፈቀደለትምም።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል፣ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቧል። እማማ ነጭ ለብሰው መሃል ተቀመጡ። ቡናው ተቀዳላቸው። ስኒውን አነሱና ሽታውን ብቻ ሲስቡ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለት ነውና በአፍህ ልስማው። ድነሃል ልጄ?»

«እየተሻለኝ ነው…» አልኩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጥቅሉን ስቀድድ የኔ እጅ እንደዚያው ያደርጋል። የቀረውን ተውኩት።

«ጀርባዬ ከመስከረም ጀምሮ ድኗል» አልኩ። «እኔ ግን አልዳንኩም እማማ። ኪኒኑ ይዞኛል። ሳያመኝ ነው ስል የከረምኩት።»

ጋሼ በአፋቸው የያዙትን ንፍሮ ሳይውጡ «ታዲያ ያቺ የኔዋ ኪኒን?» አሉ።

«እሷ የምታሸና ነበረች ጋሼ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ወዲያው ተቆጡትና ተወ። እማማ አልሳቁም። በግራ እጃቸው ጣት መቁጠር ያዙ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ሚያዝያ ላይ ሲደርሱ «ስምንት ወር» አሉ። ስኒውን ሳይቀምሱ ቡናውን ሣሩ ላይ አፈሰሱት፣ ገልብጠው አስቀመጡትና ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ እዚያው እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ንፍሮ በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አደረገችልኝ። «ብላ፤ ምንም አልቀመስክም» አለች። ቀድማ ታውቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።

«ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ» አሉ። «ልተውህ ነበር። ግን እኔ የተሳልኩት እሱ እስኪድን ብዬ ነው። ጀርባው እስኪድን አላልኩም። በል ኪኒኑን አምጣው።»

ላመጣ ስነሳ ባለቤቴ ቀደመችኝ። ከክረምት ጫማዬ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ፣ ከበርበሬው ዕቃ ሥር አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። የበርበሬውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሦስታችን ሆነን የሱስ ሕክምና የምትሰጥ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ የሚይዝለት ሰው ይኑር አለች። እማማ «እኔ እይዛለሁ» አሉ። ሐኪሟ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ በትህትና ጠየቀቻቸው። «ማንበብ አልችልም፤ መከልከል ግን እችላለሁ» አሏት።

ኪኒኑ ቡፌው ውስጥ ገባ። የወደቀብኝ ቡፌ፣ ከተጠገነው በር በስተጀርባ፣ በመስተዋቱ እያየሁት። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ አንኳኩቼ የዕለቱን እወስዳለሁ፣ ውጬ አፌን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። መጠኑ ሲቀንስ እግሬ መዝለል ጀመረ። ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ። ለአለቃዬ የነበረኝ ርኅራኄ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እማማ ግን በሱስ መተው ከእኔ በፊት ያለፉ ስለሆኑ ልክ እንደ ታላቅ እህት ያስረዱኛል። «የመጀመሪያው ሳምንት ሰውነትህ ነው የሚጣላህ። ከዚያ በኋላ ያለው ይብሳል፤ አመልህ ነው። ያን ጊዜ ተኛ፣ ሰው አታናግር፣ ከሚስትህ ጋር ስለምንም ነገር አትከራከር።» የመጨረሻውን አልቻልኩም።

አንድ ቀን፣ ሐምሌ ላይ ይመስለኛል፣ ዝናቡም አመሉም በዝቶብኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኳቸው። «እማማ፣ ለዛሬ ብቻ አንዷን ይጨምሩልኝ።»

«እሺ» አሉ። ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ቡፌውን ከፈቱ። ከኪኒኑ አጠገብ ግን ሌላ ነገርም አነሱ፤ ጥሬ ቡና የተቀመጠበትን ጣሳ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልቆላ ነዋ። አንተ ከወደቅህ እኔ ምን አቆመኝ? አብረን እንውደቅ።»

እንደማይቀልዱ አወቅኩ። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ቡፌውንም እኔው ዘጋሁት። የዚያን ቀን ሥራ አልሄድኩም፤ ሶፋቸው ላይ ተኝቼ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ፣ እሳቸው አጠገቤ ምስር ይለቅማሉ።

የመጨረሻዋን ፍሬ ነሐሴ ላይ ዋጥኩ። ሳምንት ካለፈ በኋላ እማማ ሐኪሟ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱና «ድኗል ብለሽ ጻፊልኝ፤ ማኅተም ይኑረው» አሉ። የመዝገብ ቤት ሰው ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ማኅተም የሌለው ነገር ዋጋ እንደሌለው ተምረዋል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ይህ በሽታ ድኗል ተብሎ አይጻፍለትም» አለች። «ዛሬ አልወሰደም ነው የሚባለው። ነገም እንደገና ይጠየቃል።»

ልደታ ከታክሲ ስንወርድ እማማ «እንግዲያው እኔም የምጠጣው የዕለት የዕለቱን ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይህ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወርድ በራቸው ገርበብ ብሎ ይጠብቀኛል። ጀበናው ፈልቶ ወርዷል፣ ስኒው ግን ተገልብጧል። «ዛሬስ?» ይላሉ። «ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም» እላለሁ። ስኒውን ያቃናሉ። የመጀመሪያውን ፉት ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን አይቼ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ እሮጣለሁ። ያን የመጀመሪያ ቀን «እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ስኳር አንሶታል» አሉኝ።

ጥቅምት ላይ ካፖርቴን ለብርድ ሳወጣ ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ የድሮ ማዘዣ አገኘሁ። ልቅደደው ብዬ ነው ይዤው የወጣሁት። ከሥራ ስመለስ ጠመንጃ ያዥ ወረድኩ። ያቺ ፋርማሲስት አልነበረችም፤ ሌላ ሰው ነው የቆመው፣ ወረቀቱን በደንብ ሳያይ ሰጠኝ። አንድ ብቻ ዋጥኩ። የቀረውን ቦይ ውስጥ ጣልኩት። አንድ ብቻ ናት፣ ማን ያውቃል አልኩ።

በማግስቱ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ጀበናው ወርዷል፣ ስኒው ተገልብጧል። ታክሲ ሊያልፈኝ ነው፣ አራት ቃል ብል እንደ ወትሮው ጠጥተው፣ እኔም ሥራዬ ሄጄ፣ ሁላችንም በሰላም እንውል ነበር።

«ዛሬስ?» አሉ።

«ትናንት ወሰድኩ እማማ። አንዲት።»

አልተቆጡም። ጀበናውን አነሱና ማድ ቤት ወስደው አስቀመጡት። ተመልሰው ሲመጡ ሻሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግንባራቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወርደው?»

«አንድ ሰዓት።»

«እንዳታረፍድ። ራሴን ያመኛል።»

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ ቆሜ ነበር።